የሳተላይት ቴሌቪዥን በገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ፦ ከወርሃዊ ክፍያ ውጭ ምን አማራጭ አለ?

መተማ ዮሐንስንና ጋላባትን የሚለያቸው አንድ ጠባብ ወንዝና በላዩ የተሠራ ድልድይ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ገበያ ግን ሁለቱ ከተሞች በሁለት የተለያዩ ክፍለ ዓለማት ያሉ ያህል ይራራቃሉ። አንድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በመተማ በኩል በሕጋዊ መንገድ የሚታየው ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች መብቱን በገዛው ሱፐርስፖርት፣ ማለትም በዲኤስቲቪ አማካይነት ነው። ድልድዩን ለተሻገረ ተመልካች ደግሞ የመካከለኛው ምሥራቅንና የሰሜን አፍሪካን መብት የያዘው የኳታሩ ቢኢን ነው። የአንዱ ኩባንያ ካርድ የሌላውን ጣቢያ አይከፍትም፤ በአንዱ አገር የተከፈለ ሒሳብም በሌላው አያገለግልም።

ከዚህ ድንበር ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ ግን በዚህ መልክ የተከፈለ አይደለም። በየዓመቱ በሰሊጥና በማሽላ አዝመራ ወቅት ከአማራና ከትግራይ ክልሎች ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች አሉ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሸሽተዋል፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባህ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ገዳሪፍ ከካርቱም፣ ከጀዚራና ከሰናር የተፈናቀሉ ሱዳናውያንን ተቀብላለች። በተቃራኒው አቅጣጫም ሱዳናውያንና ሌሎች ስደተኞች በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገብተዋል።

ለእነዚህ ሰዎች ቴሌቪዥን የእግር ኳስና የድራማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መንገዱ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል፣ የትኛው ከተማ በማን እጅ ነው፣ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልስ ወሬ የሚደርሳቸው በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ ወይም በስልክ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ከአቅም በላይ ሲሆን በምን ይተካ የሚለው ጥያቄም ክብደት የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ክፍያው ለምን ራቀ?

የመጀመሪያው ምክንያት የምንዛሪ ለውጥ ነው። የሳተላይት ኩባንያዎች የስፖርት መብትንም ሆነ የሳተላይት ኪራይን የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። የሱዳን ጦርነት ሊጀመር ሲል አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በትይዩ ገበያ ዋጋው ከ2,500 ፓውንድ በላይ ሆኗል። በኢትዮጵያም መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አላደገም።

ሁለተኛው ምክንያት የመክፈያ መንገዱ ነው። የሳተላይት ምዝገባ የተሠራው ቋሚ አድራሻ፣ የባንክ ሒሳብና መታወቂያ ላለው፣ በየወሩ ገቢ ለሚያገኝ ሰው ነው። በገዳሪፍ አብዛኛው የዕለት ተዕለት ግብይት ወደ ካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ፣ ወደ ባንካክ፣ ዞሯል። ባንካክ ደግሞ ኔትወርክ ይፈልጋል። ጥር 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሱዳን ሦስቱ የስልክ ኩባንያዎች፣ ዜይን፣ ሱዳኒና ኤምቲኤን፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጡ፣ ገንዘብ ያለውም ቢሆን የሚከፍልበት መንገድ አጥቶ ነበር። ኢትዮጵያዊው ወቅታዊ ሠራተኛ ደግሞ ለሦስት ወር የሚቆይበት እርሻ ላይ የዓመት ምዝገባ የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ በድንበሩ አካባቢ «ርካሽ አማራጭ» ሲባል የዋጋውን ማነስ ብቻ ማየት አይበቃም። አማራጩ ያለ ባንክ፣ ያለ ቋሚ አድራሻና በተቆራረጠ ኔትወርክ መሥራት አለበት።

ነጻዎቹ ጣቢያዎችና ሁለቱ ሰማዮች

እነዚህን መስፈርቶች በሙሉ የሚያሟላው በነጻ የሚሠራጨው የሳተላይት ቴሌቪዥን ነው። ዲሽ፣ ሪሲቨርና ኤልኤንቢ አንድ ጊዜ ከተገዙ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ የለም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው የጋራ መድረክ ሥር ተሰባስበው፣ መቀመጫው ሉክሰምበርግ የሆነው ኤስኢኤስ ኩባንያ በሚያስተዳድረው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ላይ መሠራጨት ጀምረዋል። ይህ ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ጣቢያዎች የሚያገኙት በአብዛኛው ከዓረብኛ ጣቢያዎች ጋር ተደባልቀው በምዕራብ በኩል ካሉት፣ ናይልሳት ከሚገኝበት አቅጣጫ ነበር። ናይልሳት የሚገኘው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው።

ለውጡ በአዲስ አበባ ዲሹን ወደ ምሥራቅ ከማዞር ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። በጋላባትና በገዳሪፍ ግን ሰማዩን ለሁለት ከፍሎታል። የሱዳንና የዓረብኛ ጣቢያዎችን የሚፈልግ ቤተሰብ ዲሹን ወደ ምዕራብ ያዞራል። የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ጣቢያዎችን የሚፈልገው ወደ ምሥራቅ፣ ከፍ አድርጎ ወደ ላይ ያዞረዋል። በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል ያለው ርቀት 64 ዲግሪ በመሆኑ አንድ ተራ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ገጥሞ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ሁለት ዲሽ ተክሎ በአንድ ማቀያየሪያ ወደ አንድ ሪሲቨር ማገናኘት ግን ይቻላል። ተጨማሪ ወጪውም የአንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሳተላይት ጨረር በአገር ወሰን ላይ አይቆምም፤ ከጨረሩ ማዕከል እየተራቀ በሄደ ቁጥር ግን ሰፋ ያለ ዲሽና የጠበቀ ትከላ ይጠይቃል። በክረምት ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስሉ የሚቆራረጠውም በተለይ በትንንሽ ዲሾች ላይ ነው።

ነጻው ቴሌቪዥን የማይሰጠው ነገር አለ። ዋናው የቀጥታ እግር ኳስ ነው። የሕዝብ ጣቢያዎች የታላላቅ ውድድሮችን መብት ቢያገኙም እንኳ፣ መብቱ ለአንድ አገር የተሰጠ ከሆነ ባለቤቶቹ የሳተላይት ሥርጭቱ ለጎረቤት እንዳይደርስ ብዙ ጊዜ እንዲቆለፍ ይጠይቃሉ። የድንበር ነዋሪ ጨዋታው ሲጀመር ስክሪኑ ቢጨልምበት ምክንያቱ የዲሹ ብልሽት ላይሆን ይችላል።

አንድ ካርድ፣ ብዙ ተመልካች

እግር ኳስን በተመለከተ በሁለቱም አገሮች ሕዝቡ ከረዥም ጊዜ በፊት ያገኘው መፍትሔ ተሰብስቦ ማየት ነው። በኢትዮጵያ «ዲኤስቲቪ ቤት» ይባላል፤ በሱዳን ደግሞ የማሳያ ክበብ፣ በዓረብኛው «ናዲ» ይሰኛል። ተመልካቹ ለወር ሳይሆን ለአንድ ጨዋታ ይከፍላል፤ ወይም ሻይ አዝዞ ይቀመጣል። ባለቤቱ የምዝገባውን፣ የኤሌክትሪኩንና የወንበሩን ወጪ ለብዙ ሰው ያከፋፍላል። ያለ ባንክና ያለ አድራሻ ክፍያ የሚቀበል አሠራር ይኸው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አሠራርም የራሱ ሕግ አለው። ለመኖሪያ ቤት የተሸጠ ካርድ በሕዝብ መሰብሰቢያ ማሳየትን ሁለቱም ኩባንያዎች ይከለክላሉ፤ ለንግድ ቤቶች የተለየ ምዝገባ ያቀርባሉ፤ ዋጋውም ይለያል። አነስተኛ የመንደር ሻይ ቤት ይህን ልዩነት መሸከም ሲያቅተው ከሕጉ ውጭ ይሆናል። ሌላው ችግር ጸጥታ ነው። በጦርነት ጊዜ በምሽት ተሰብስቦ መገኘት የሰዓት እላፊን፣ ፍተሻንና አፈሳን ያስከትላል። ስደተኞችና ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ይህን አደጋ ከሌላው የበለጠ ይሸከሙታል። ሴቶች ደግሞ በብዙ መንደሮች በእነዚህ ክበቦች ብዙም አይታዩም። ለአንድ ቤት ወንዶች የተገኘው ርካሽ መፍትሔ ለዚያው ቤት ሴቶች አማራጭ ሳይሆን ይቀራል።

ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚጀመረው የዓለም ዋንጫ ይህን ሁሉ የሚፈትን ነው። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ 48 ቡድኖችንና 104 ጨዋታዎችን የያዘ ሲሆን፣ በሱዳን በኩል ያለውን የሥርጭት መብት የያዘው ቢኢን ነው። ጨዋታዎቹ የሚካሄዱት በዩናይትድ ስቴትስ፣ በካናዳና በሜክሲኮ በመሆኑ፣ በገዳሪፍ ሰዓት ከምሽት እስከ ንጋት ይዘልቃሉ። ጥያቄው ካርዱን ማን ይገዛል ከሚለው ባሻገር በዚያ ሰዓት መብራቱ ከየት ይመጣል፣ ወደ ቤትስ በሰላም መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ይሆናል።

የመብራቱ ሒሳብ

ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚያልፈው 230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር የኢትዮጵያን ኃይል ለሱዳን የሚያቀርብ ነው። መስመሩ በሚያልፍበት ምድር ግን መጠለያዎችና ብዙ የእርሻ ሰፈሮች በጨለማ ያድራሉ። እዚያ ቴሌቪዥን ማየት የሚቻለው በጄነሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ነው።

ጄነሬተር ሲገዛ ቢረክስም ነዳጁ ራሱ እንደ ወርሃዊ ክፍያ ነው። የፀሐይ ኃይል ስሌት ግን ለዚህ አካባቢ ይስማማል። በ12 ቮልት የሚሠራ 24 ኢንች ቴሌቪዥንና አንድ ሪሲቨር በአንድነት 40 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ለአራት ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት 160 ዋት-ሰዓት ነው። አንድ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጠራ ሰማይ በቀን 400 ዋት-ሰዓት ገደማ ሊያመነጭ ይችላል። ባለ 50 አምፔር-ሰዓት የመኪና ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር በግማሹ ብቻ ቢሠራበት እንኳ 300 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ የአንድ ምሽት ዜናና አንድ ሙሉ ጨዋታ ይሸፍናል። በ220 ቮልት የሚሠራ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ግን ኢንቨርተር ስለሚያስፈልገው ከኃይሉ የተወሰነው በመንገድ ይባክንበታል። ቴሌቪዥኑን ሲገዙ በ12 ቮልት መሥራቱን ማረጋገጥ ከማንኛውም የዋጋ ቅናሽ ይበልጥ ይጠቅማል።

«ሰርቨር» እና የኢንተርኔት መንገዶች

በገበያው ላይ ርካሽ ተብሎ በብዛት የሚቀርበው ሌላው አማራጭ በተለምዶ «ሰርቨር» የሚባለው ነው። ሻጩ በሪሲቨሩ ላይ አንድ ኮድ ይሞላል፤ ሪሲቨሩም በኢንተርኔት አማካይነት የተቆለፉ ጣቢያዎችን ይከፍታል። ዋጋው ከሕጋዊው ምዝገባ እጅግ ያነሰ ነው። ሕገወጥ ነው፤ ዋስትናም የለውም። የዓመት ክፍያ የተቀበለው ሻጭ በሁለተኛው ወር ቢጠፋ ገዢው የሚከስስበት ቦታ የለውም።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ምን ያህል በድንገት ሊቋረጥ እንደሚችል ከቢኢን የራሱ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ኳታርና ሳዑዲ ዓረቢያ ግንኙነታቸው ሲቋረጥ ቢአውትኪው የተባለ ጣቢያ የቢኢንን ሥርጭት እየጠለፈ በሰፊው ማሠራጨት ጀመረ። በ2019 ሥርጭቱ ተቋረጠ። በ2020 የዓለም ንግድ ድርጅት የዳኝነት ጉባኤ ሳዑዲ ዓረቢያ የአእምሯዊ ንብረት ግዴታዋን አልተወጣችም ሲል ወሰነ። መሣሪያውን ገዝተው የነበሩ ተመልካቾች እጅ ላይ የቀረው የማይሠራ ሣጥን ነበር።

የኢንተርኔቱ መንገድ በአጠቃላይ ኔትወርክን መሠረት ያደርጋል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ኔትወርክ የጦርነት መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። የትግራይ ክልል ለሁለት ዓመት ገደማ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጦ ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። በሱዳን የስልክ መስመሮች ሲቋረጡ ብዙዎች ወደ ስታርሊንክ ዞረዋል፤ አንድ መሣሪያ የገዛ ነጋዴ ግንኙነቱን በሰዓት ይሸጣል። ይህም ለአንድ የስልክ ጥሪና ለገንዘብ ማስተላለፍ ያገለግላል። የዘጠና ደቂቃ ጨዋታ በሰዓት በሚከፈል ኢንተርኔት ማየት ግን ከሻይ ቤቱ ወንበር ይልቅ ውድ ነው።

ለድራማና ለፊልም ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መንገድ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ የሚገለበጥ ነገር ኔትወርክ አይፈልግም። ዜና ግን በፍላሽ ሲመጣ አርጅቶ ይደርሳል፤ ማን እንደቀረጸውና መቼ እንደተቀረጸም አይታወቅም። በጦርነት አካባቢ የአምና ቪዲዮ የዛሬ መስሎ ሲዞር፣ አንድ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እንዲነሣ ሊያደርግ ይችላል።

ሬዲዮ፦ ያልሞተው አማራጭ

ለዜና ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ አሁንም በድንጋይ ባትሪ የሚሠራው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። የሱዳን ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቢቢሲ ለሱዳን የአስቸኳይ ጊዜ የዓረብኛ ሬዲዮ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ከፍቷል። መቀመጫውን በኔዘርላንድስ ያደረገው ሬዲዮ ዳባንጋም ለዓመታት በዚሁ ሞገድ ለሱዳናውያን ሲያሠራጭ ቆይቷል። በአማርኛ የዶይቼ ቬለ ሥርጭት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአየር ላይ ነው።

ሬዲዮም ቢሆን ከፋይ አለው። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በዋሽንግተን ውሳኔ በግዳጅ ዕረፍት እንዲወጡ ሲደረግ፣ በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚተላለፉ ሥርጭቶችም ተቋርጠዋል። ባትሪ ገዝቶ ሬዲዮውን የከፈተ አድማጭ በለመደው ሰዓት የለመደውን ድምፅ ያጣበት ምክንያት በሌላ አህጉር የተወሰነ የበጀትና የፖለቲካ ጉዳይ ነበር።

ማን ይከፍላል?

ይህ ነጥብ በሌሎቹም አማራጮች ላይ ይሠራል። ተመልካቹ የማይከፍልበትን ሥርጭት ሌላ ሰው ይከፍልለታል። የመንግሥት ጣቢያን መንግሥት፣ የግሉን ማስታወቂያ አስነጋሪ፣ የዓለም አቀፉን የለጋሽ አገር ግብር ከፋይ ይሸፍነዋል። የከፈለውም ሥርጭቱ በምን ይዘት እንደሚቀርብ፣ መቼም እንደሚቆም የመወሰን ሥልጣን አለው።

የአካባቢው የቅርብ ታሪክ ይህን ያስረዳል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በውጭ አገር ሆነው በሳተላይት ይሠራጩ የነበሩትን ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከልክሎ ነበር። በሱዳን ደግሞ በኦምዱርማን የሚገኘው የብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንጻ ጦርነቱ በተጀመረበት ቀን በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወድቆ፣ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ተፋላሚዎች ከመጀመሪያው ዕለት አንሥቶ ቴሌቪዥን ጣቢያውን መፈለጋቸው፣ ነጻ የሚባለው ሥርጭት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያመለክታል።

ከዚህ አንጻር በገዳሪፍና በድንበሩ ለሚኖር ቤተሰብ የወርሃዊ ምዝገባን ብቻውን የሚተካ አንድ መሣሪያ የለም። የሚያዋጣው ፍላጎትን ከፋፍሎ ማየት ነው። ለዕለት ተዕለት ዜናና መዝናኛ በነጻ የሚሠራጩ ጣቢያዎች፤ አቅም ከፈቀደ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተተከሉ ሁለት ዲሾች። ለእግር ኳስ ሕጋዊ ምዝገባ ያለው የጋራ ማሳያ። ለኃይል ጄነሬተር ሳይሆን አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ። ሁሉም ሲቋረጥ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ። በሁለት ሰማይ የሚታይ ዲሽ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስለ አንድ መንገድ ወይም ስለ አንድ ከተማ ከሁለት አገር፣ በሁለት ቋንቋ የተነገረውን አነጻጽሮ ለመመዘን ያስችላል።

ኩባንያዎቹም ሆኑ የእርዳታ ድርጅቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። የሳተላይት ኩባንያዎች በሳምንት ወይም በጨዋታ የሚከፈል አነስተኛ የጋራ ማሳያ ፈቃድ ቢያቀርቡ፣ ዛሬ በ«ሰርቨር» የሚሠራው ሻይ ቤት ወደ ሕጋዊው መስመር የሚገባበት ምክንያት ያገኛል። በመጠለያዎች ውስጥ የሚታደለው ዕርዳታ ድንኳንና እህል በሚቆጥርበት መዝገብ ላይ ሬዲዮንና የጋራ ቴሌቪዥንን ቢጨምር፣ ሴቶችና አረጋውያን ከወንዶቹ ክበብ ውጭ ዜና የሚሰሙበት ቦታ ይኖራቸዋል።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ መተማ ዮሐንስ በፋኖ ታጣቂዎች እጅ ስትገባ የሱዳን ባለሥልጣናት የጋላባትን መሻገሪያ ዘግተው ነበር። በዚያ ሰሞን በድልድዩ በሁለቱም ወገን የነበረ ሰው ማወቅ የፈለገው መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ነበር። እንዲህ ባለ ቀን በማን በኩል፣ በምን ቋንቋና በስንት ብር ዜና እንደሚገኝ የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ዲሹ ሲተከልና ባትሪው ሲገዛ ነው።